ቄሱ ዛሬ የት ናቸው?

ባለፈው ሚያዝያ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እትዬ ዘነበች፣ ከእንግዲህ ምጥ ብለው ሲጠሩዎት ወደ እኛ ይላኩልን። ብዙ ደክመዋል፣ ይረፉ» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቆማ ነበር የምትናገረው፣ ተቀመጪ ብላት እንኳ እንግዳ እንደሆነች ሁሉ በርጩማው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። አንድ ወረቀትም ሰጠችኝ። ስሜን ከነአባቴ ጽፈው ማኅተም መትተውበታል። ሃያ አንድ ዓመት ለማዋለዴ ምስክር መሆኑ ነው። አመስግኜ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

እጄ አረፈ፣ ጆሮዬ ግን እምቢ አለ። አሁንም የአጥሩ በር ሲንቀሳቀስ ብድግ ብዬ ነጠላዬን አነሳለሁ። ነፋስ ነው። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ላይ ውሎ አድሮ ሌላ ትዳር እዚያው ከያዘ ቆይቷል። ልጄ ጥሩወርቅ ባሏ ቤት ናት፣ እዚሁ ከሚሴ፣ ከገበያው በላይ። ስለዚህ በቤቱ ያለነው እኔና ጆሮዬ ነን።

ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ፣ በማታ ትምህርት ሁለት ክረምት ነው። ስሕተት ቢገኝ ይቅር በሉኝ። የምጽፈውም ሥራዬን ለማወደስ አይደለም። ፈርቼ ነው። ጥሩወርቅ ወሯ ገብቷል። እኔ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት የያዝኩት ፍርሃት አለ፤ የሚያውቅልኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም አፈር ውስጥ ነው።

እሱ የምላት እሜት ዘይነባን ነው። በጨፋ ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር እስላሙንም ክርስቲያኑንም ያዋለደች እሷ ናት። እኔንም ጥሩወርቅን ስገላገል ያዋለደችኝ እሷ ናት፤ ከአራስነቴ ስነሳ «እጅሽ ረጅም ነው፣ ልብሽም አይደነግጥም፤ ነይ ተከተይኝ» አለችኝ። በኋላ ልቤ እንደሚደነግጥ አይታለች፤ ግን አላባረረችኝም።

ልማዷ ብዙ ነበር። ምጥ ቤት ከመግባቷ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ለሶላት እንደምትታጠብ አድርጋ ትታጠባለች። ጥፍሯን በምላጭ ትልጠዋለች፤ የእኔንም ሳታይ አታስገባኝም። የምታምጠዋን ሆድ በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ነው የምትነካው፤ «መዳፍ ይጫናል፣ የእጅ ጀርባ ይሰማል» ትል ነበር። እትብቱ ትር ትር ማለቱን ሳያቆም አትቆርጥም። ሦስት ጣት ለክታ፣ የጥጥ ፈትል ገምዳ ሁለት ቦታ ታስራለች። የእንግዴ ልጁ ወጥቶ ገልብጣ አይታ ጎደሎ የለውም ሳትል፣ ቤተሰቡ እልል ቢል በቁጣ ዝም ታሰኛለች። «የምን እልልታ ነው? ግማሹ እንግዳ ገና ውስጥ ነው!»

የሚከፈለን ብዙ አልነበረም። አንድ ቁና ማሽላ፣ ቅቤ፣ ለወንድ ልጅ ሲሆን አንዳንዴ ቀሚስ። እሷ የሰጧትን ሳታይ ነው የምትሸክፈው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ ጥያቄዋ ነው። እስላም ቤት ስትገባ፣ «በሕፃኑ ጆሮ አዛን የሚያሰማ ወንድ አለ?» ትላለች። ክርስቲያን ቤት ስትገባ ደግሞ ውሃ ሳይፈላ፣ ሴትዮዋንም ሳትነካ፣ «ቄሱ ዛሬ የት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ቤተ ክርስቲያኗ ከወንዝ ማዶ ናት፤ መምሬ ተክሌ ለተዝካር ወይም ለገበያ ወጥተው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለች። ሕፃኑ ደህና ሆኖ ከተወለደ ነገሩ ይረሳል። ደክሞ ከተወለደ ግን ጎረምሳ ሮጦ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «እሜት፣ እርስዎ እስላም ነዎት። ቄሱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል። እናንተ አይደላችሁ ውሃ ሳይነካው ከሞተ አይድንም የምትሉ? ለሰው አደራ ስትይዢ በባለቤቱ ሕግ ነው የምትይዢው፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

ቀን የምትቆጥረውም በፈትል ነበር። ልጅ በተወለደ ዕለት ለእናቲቱ አንድ ፈትል ትሰጣታለች፤ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ። ለክርስቲያን ወንድ ልጅ አርባ፣ ለሴት ልጅ ሰማንያ ሲሞላ ክርስትና ይነሣል። ፊደል የማያውቅ ሰው በዚያ ፈትል ቀን አይስትም።

እኔም በተራዬ የሰማንያውን ፈትል ከእሷ እጅ ተቀበልኩ። ጥሩወርቅ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ በሰኔ ተወለደች፤ ቀይ፣ ፀጉራም። እሜት ነች የተቀበለቻት። ክርስትናዋ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይውላል። የክርስትና እናት የምትሆናት ጓደኛዬ ጨፋ ሮቢት ነበረች፤ ልብስ አሰፍቼላታለሁ ብላ ላከችብኝ። እኔ ጠላ ጠነሰስኩ። ባለቤቴ ከመንገድ ሥራው ፈቃድ ጠይቆ ሊመጣ ነው። ስም የምንጠራት «ቢጡዬ» ብለን ነበር፤ የክርስትና ስሟን መምሬ ያወጡላታል።

ስድሳ ስምንተኛው ቋጠሮ ላይ አስቀመጣት፤ ትኩሳትም ጨመረች። ብርድ ነው አልኩ። የስንቱን ልጅ ተቅማጥ አይቻለሁ! በሰው ቤት ቢሆን በማግስቱ ቄስ ጥሩ ብዬ እጮህ ነበር። በራሴ ቤት ግን አፌ ተያዘ። በእኛ ሰፈር ሴቶች ዘንድ አንድ አባባል አለ፤ ከቀኑ በፊት ቄስ የጠራ ሞትን በስሙ ጠራው ይባላል። በሰው ቤት ስሰማው እስቅ ነበር። ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

በሰባ አንደኛው ቀን ጠዋት እሜት ዘይነባ መጣች። ከበሩ ላይ ቆማ ነው የጠየቀችኝ።

«ቄሱ ዛሬ የት ነው?»

«ዘጠኝ ቀን እኮ ነው የቀራት፣ እሜት።»

«ቀን ጠየቅኩሽ? ቄሱን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ለክርስትናዋ ድግስ ጀምሬ… ጠላው ሊደርስ ነው፤ አባቷም ይመጣል…»

«ጠላው አይደፋም፣ አትጨነቂ። ለለቅሶም ይጠጣል።»

«አፍዎን ለበጎ ያድርጉት!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ በፊት በእሷ ላይ ጮኼ አላውቅም።

እሷ ግን ቁጢጥ ብላ የልጅቱን እርግብግቢት በእጇ ጀርባ ነካችው። ጎድጉዶ ነበር፤ የሰውነቷ ውሃ አልቋል ማለት ነው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሳጠባት፣ ሳቅፋት፣ ያን ቦታ አልነካሁትም። አውቄ ነው ያልነካሁት። እሜት ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አደረገች፣ ዱላዋን አነሣች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ወጣች። ቦርከና ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ በነበረበት በነሐሴ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት እስላም ሴት ቄስ ልታመጣልኝ ሄደች።

ጥሩወርቅን ጎረቤት ልኬያት ነበር። ብቻዬን ቀረሁ። እኔ ራሴ ይዣት እንዳልሄድ የአራስ ቤት ቀኔ አልሞላም፣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ወንዙም አለ። እንዲህ እያልኩ ምክንያት ቆጠርኩ። ቀትር ሲሆን ትንፋሿ ተቆራረጠ። ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነዋ።

ውሃ በጣሳ ቀዳሁ። አሁን የምጽፈውን እሜትም አላወቀችውም። ጣሳውን በቀኜ ያዝኩ፣ ልጄን በግራዬ። ክህነት የለኝ፤ ሴት ነኝ፤ በዚያ ላይ ያልነጻሁ አራስ። ያለ ክህነት ያጠመቀ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ለእኔ ግድ አልነበረኝም፤ ለእሷ ይባስ ቢሆንባትስ? ውሃውን በግንባሯ ላይ አፈሰስኩ። «በአብ» አልኩ። ምላሴ እዚያ ላይ ቆመ። ወልድን አልጠራሁም፣ መንፈስ ቅዱስን አልጠራሁም። ጣሳውን አስቀመጥኩ። እሷም ያን ጊዜ አለፈች።

ትኩሳት ማብረዴ ነበር ወይስ ማጥመቄ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም የእሜት ድምፅ ከአጥር ውጭ ተሰማ። «ደርሰናል! ዘነበች፣ ደርሰናል!» ሁለቱም እስከ ደረታቸው ረጥበዋል። መምሬ ተክሌ ሜሮኑን በጥምጥማቸው ውስጥ ጠቅልለው በራሳቸው ላይ ተሸክመውታል። እሷ የእሳቸውን ጃንጥላ ይዛለች።

መምሬ ልጄን አዩዋት፤ አንገቷን ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ለሞተ ጥምቀት የለም፣ ልጄ።»

«ገና ትኩስ ናት፣ መምሬ!»

«ትኩስ ናት። ግን ሄዳለች።»

እሜት ተቆጣች። «ኧረ መምሬ! ይሄን ሁሉ ውሃ ጠጥተን መጥተን! ጠብታ ምን አለበት?»

«ዘይነባ፣ ውሃው አይደለም እምቢ ያለው። እኔም አይደለሁም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከብርዱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩም።

የተቀበረችው ከቤተ ክርስቲያኗ አጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ነው። ፍትሐት አልተፈታላትም። ስትገነዝ አንገቷ ባዶ ነበር፤ ማዕተብ የሚታሰረው በጥምቀት ነውና። እሜት ዘይነባ ከምሰሶው ላይ የቀን መቁጠሪያውን ፈትል አውርዳ በእጄ አስያዘችኝ። ሰባ አንድ ቋጠሮ። በአንገቷ አሰርኩላት። የከለከለኝ የለም።

ሌላ እናት ልጇ ሲሞትባት በክርስትና ስሙ ታስጸልይለታለች። እኔ ምን ብዬ ላስጸልይ? ቢጡዬ ብዬ? ያ የቤት ስም ነው፤ በቅዳሴ አይጠራም።

እሜት ልታጽናናኝ ትመጣ ነበር። «በእኛ ዘንድ ሕፃን ሁሉ ንጹሕ ነው። የማንም ልጅ ይሁን። ጀነት ገብታለች፣ ወላሂ!» ትለኛለች። ልቤ ወደዚያ ይሳባል። ግን እንዴት ላድርገው? የሰው ቤት እሳት ነው፤ ትሞቂዋለሽ እንጂ ይዘሽው አትሄጂም። ወደ ራሴ ቤት ስመለስ ከውሃና ከመንፈስ ያልተወለደ አይገባም የሚለው ይጠብቀኛል።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት አዋለድኩ። ከሚሴም ጨፋም፣ በእግርም በበቅሎም፣ ሲቀናኝም በጭነት መኪና ጋቢና። እሜት ስታረጅ መሪዋ እኔ ሆንኩ። የእሷን ጥያቄ ግን እኔ ያለ መጠን አደረግኩት። ክርስቲያን ቤት ገብቼ ልጁ ጮሆ፣ ጡት ይዞ ሳለ እንኳ፣ «ቄሱ ዛሬ የት ናቸው?» እላለሁ። ሴቶቹ ሰለቹኝ። «ይቺ ሟርተኛ! ማዋለድ ትመጣለች ወይስ መቅበር?» ይሉኛል። አንዷማ ፊት ለፊቴ፣ «ዘነቡ፣ ከቄሱ ጋር ምን አላችሁ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ከወለዱ በኋላ ለጥየቃ የሚጠራኝ እየጠፋ ሄደ። ለምጥ እፈለጋለሁ፣ ለገንፎው አልጠራም።

አንድ ቀን ብቻ ልረሳው የማልችለው አለ። በሸለቆው ወዲያ ጫፍ አንዲት ልጅ እግር በመጀመሪያ ልጇ ሁለት ቀን አማጠች። መምሬን ከጠዋቱ አስመጥቼ ደጅ አስቀምጫቸው ነበር፤ ባልየው በግልምጫ ሊበላኝ ነው። ልጁ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አፉን ጠረግኩ፣ እግሩን መታሁ፣ ትንፋሽ ሰጠሁት፤ አንዴ እህ አለ። «መምሬ!» ብዬ ጮህኩ። ገቡ፣ አጠመቁ፣ ስም አወጡለት፣ ማዕተብ አሰሩለት። ከዚያ በኋላ የኖረው ውሃ እስኪፈላ ድረስ ነው።

እናቲቱ አለቀሰች፣ አለቀሰችና በመጨረሻ ስሙን አንዴ ጠርታ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ያረፈ ፊቷን ቁጭ ብዬ አየሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ልጇ በሞተባት ሴት ቀናሁ።

እሜት ዘይነባ የሞተችው በበጋ ነው። ከመሞቷ አንድ ሳምንት በፊት አጠገቧ ተቀምጬ እግሯን ሳሽላት፣ «እኔ ቀድሜሽ እሄዳለሁ። ያቺን ፀጉራም ካገኘኋት ምን ልበላት?» አለችኝ።

ምን ይባላል? በእሷ ሃይማኖት ታገኛታለች፤ በእኔ ሃይማኖት ግን… «እግርዎ ቀዝቅዟል» ብዬ ብርድ ልብስ ደረብኩላት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እናትሽ ስምሽን ስትጠራ ነበር ይበሏት ማለት አቅቶኝ!

ይህን እዚህ ድረስ ጽፌ ትቼው ነበር። አሁን የምጨርሰው ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው።

ጥሩወርቅን ምጥ የያዛት ሮብ ማለዳ ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሲስተር በሩ ላይ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለችኝ። ልክ ናት፤ የራሱን ልጅ የሚያዋልድ ሰው እጁ አይታመንም፣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። ግን እጄ ባዶ ሆኖ እዚያ መቆም አልቻልኩም። አማቼን፣ «ስትወልድ መምሬ ቤት መጥተህ ንገረኝ» ብዬው ሄድኩ።

መምሬ ተክሌ አርጅተዋል፤ አሁን ከተማው ዳር ነው ቤታቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው ሲወጡ ደረስኩ።

«ወዴት ነው፣ መምሬ?»

«ጨፋ ሮቢት፣ ገበያ። አንድ ፍየል ልገዛ።»

«አይሄዱም» ብዬ የበራቸው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ሴትዮ! ልታስሪኝ ነው እንዴ?»

«አዎ። ጥሩወርቅ ምጥ ላይ ናት።»

መምሬ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከጎኔ ተቀመጡ። አሥራ አራት ዓመት በየፆሙ ንስሐ ስገባ ያልነገርኳቸውን ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ጣሳው።

«ውሃው ነካት?» አሉኝ።

«ነካት።»

«በሕይወት ሳለች?»

«በሕይወት ሳለች።»

«ምን አልሽ?»

«በአብ ብዬ ቀረሁ።»

መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡት።

«ዘነበች፣ አልዋሽሽም። ሥርዓቱ አልተፈጸመም። ጥምቀት ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። እኔ በረኛ ነኝ፤ በዚህ በር አስገባ ተብዬ ታዝዣለሁ፣ ሌላ በር አልተሰጠኝም። ቤቱ ሌላ በር አለው ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ግን ያን የሚያውቅ ባለቤቱ ነው። በረኛ የጌታውን ቤት ሁሉ አያውቅም።»

«ውጭ ከቀረችስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ውጭ ከቀረች» አልኩ፣ እንባዬ መጣ፣ «ዘይነባም አልተጠመቀችም። እዚያ ካለች አብራት አለች ማለት ነው። አንዳንዴ በዚህ እጽናናለሁ። ኃጢአት ነው?»

መምሬ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉት። «ያን ቀን ውሃው ሲወስደኝ» አሉ ከነጠላው ሥር፣ «በክንዴ ይዛ ያወጣችኝ እሷ ናት።»  

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አማቼ እየሮጠ መጣ። «ሴት! ሴት ናት! ጩኸቷ እስከ መኪና መንገዱ ይሰማል!» ልነሣ ስል መምሬ ናቸው በክንዴ ይዘው ያነሡኝ።

«አሁኑኑ ይምጡና ያጥምቋት» አልኳቸው።

«ደህና ናት አይደል? ደህና ከሆነች ሰማንያ ቀን ነው፣ ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንድ ነገር ካየሽባት ግን ቀን አትቁጠሪ። ሌሊትም ይሁን፣ ወንዝም ይሙላ። አንቺም ጥሪኝ፣ እኔም ከቤቴ አልርቅም። ፍየሉ ይቅር» አሉኝ።

ፈትሉን እኔ ነኝ የገመድኩት። ለጥሩወርቅ ሰጥቻታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እሄድና እሷ ስትቋጥር አያለሁ። ሕፃኗን ስታሳቅፈኝ በእጄ ጀርባ እርግብግቢቷን እነካለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች፤ «እማዬ፣ እንዲያው እጅሽን አታሳርፊም» ትለኛለች። ትሳቅ።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ቋጠሮ ነው። እርግብግቢቷ ሙሉ ነው፣ ትጠባለች። መምሬ ቤታቸው ናቸው፤ አሁን አይቼ መጣሁ።